ብረት የማይነካው ሰው

በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ የቁርዓን ቤት ደጃፍ በማለዳ ብትቆሙ የእንጨት ሉሕ ታቅፈው የሚያነበንቡ ልጆች ታገኛላችሁ። ቀለሙ ከከሰል የተበጠበጠ ነው። ትምህርቱን ሲይዙት ሉሑን አጥበው እንደገና ይጽፉበታል።

የእነዚህን ልጆች መምህር የሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ሔር፣ ከጦር ፊት ዘወር አድርጎታል። «ቢሪ መጌይዶ» ይሉታል፣ ብረት የማይነካቸው እንደ ማለት። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ እንግዳ፣ አስታራቂ፣ የሃይማኖት ሊቅ። አንትሮፖሎጂስቱ ዮአን ሉዊስም ሶማሌ ወንዱን «ዋዳድ» እና «ወረንሌ»፣ ባለ ሃይማኖትና ባለ ጦር ብሎ እንደሚለይ ጽፏል። ቀይ መስቀል ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የጦርነት ሥርዓት በመጽሐፍ አሳትሞታል።

እኔን የሚገርመኝ የዝርዝሩ አሰላለፍ ነው፦ ሊቁ ከሹም ጎን ሳይሆን ከሕፃንና ከእንግዳ ጎን መቀመጡ። ሕጉ ሁሌም ተከብሯል አልልም፤ እስረኞች የተሰቃዩበት «ጄል ኦጋዴን» የተባለው እስር ቤት የነበረውም እዚችው ጅግጅጋ ነው። ግን በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን የተባረሩበት ታሪክ በተነሳ ቁጥር፣ እነሱም ሊቃውንት ነበሩና፣ ሐሳቤ ወደዚያ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ወደተሰጣ ሉሕ ይሄዳል።