ከብቶቹ ለምን ቆሙ?

«ሬይን ማን» ውስጥ አንድ የሐኪም ቤት ትዕይንት አለ። ሐኪሙ ሬይመንድን ትልልቅ ቁጥሮች እንዲያባዛ ይጠይቀዋል፤ ሬይመንድም በቃሉ እያሰላ ይመልሳል፣ አይስትም። ቀጥሎ አንድ ዶላር ኖሮህ ሃምሳ ሳንቲም ብታጠፋ ስንት ይቀርሃል ይለዋል። ሰባ ገደማ። ቸኮሌት ስንት ያወጣል? መቶ ዶላር ገደማ። አዲስ መኪናስ? እሱም መቶ ዶላር ገደማ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ዶርም ውስጥ፣ ስድስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ። ማባዛቱ ጋ ስንደርስ ጮኽን፣ ቸኮሌቱ ጋ ስንደርስ ሳቅን። በማግስቱ ግማሾቻችን ቁጥር በቃላችን እያባዛን ስንፎካከር ዋልን። ሬይመንድ በዚያ ክፍል የሚጠየቀው ነገር ሁሉ ፈተና መሆኑን፣ «እዚህ ቤት የሚረብሽህ ነገር አለ?» ያለው አንድም ሰው አለመኖሩን ልብ ያልኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እህቴንና ልጇን ጥርስ ሐኪም ቤት ከሸኘሁ በኋላ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው፤ አይናገርም። («ኦቲዝም ያለበት» የሚለው አነጋገር አይዋጥልኝም። በአማርኛ ሰው ላይ «ያለበት» ነገር ወይ ዕዳ ነው፣ ወይ በሽታ ነው፣ ወይ መንፈስ ነው።) የዚያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ አንዱ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወለሉ በበረኪና ገና መታጠቡ ነው፣ በየአምስት ደቂቃው በሩ ይከፈትና አንዷ የካርድ ቁጥር ትጣራለች። ልጁ መጀመሪያ ጆሮውን ያዘ፣ ከዚያ መወዛወዝ ጀመረ፣ ከዚያ ጮኸ። አንዲት እናት ለእህቴ ጸበል ጠቆሟት፤ በደግነት ነው፣ አልፈርድባቸውም። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ እህቴን ጠየቃት፣ ነርሷን «ያዙት» አላት፤ ልጁን ግን አላናገረውም። ጥርሱ ሳይታይ ወጣን። ካርዱ ላይ «ታካሚው አልተባበረም» ተብሎ ተጻፈ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በእኛ ሙያ በደንብ እናውቃታለን። አፑ አልሠራ ሲል ጀማሪ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚለው «ዩዘሩ ነው የተሳሳተው» ነው። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ብዙ ጊዜ። ከቤት እስክንደርስ ያሰብኩት ግን ያልተባበረው ማን እንደሆነ ነበር።

«ሬይን ማን» በ1988 ወጥቶ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አራት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱ የደስቲን ሆፍማን ነው። ስለ ፊልሙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሆፍማን ሬይመንድን በትክክል ተጫውቶታል ወይ የሚለው ነው። ለእኔ ግን ሰውዬው ሳይሆን ክፍሎቹ ናቸው ፊልሙን የሚገልጡት። መጨረሻ አካባቢ ያለውን እዩ። የአእምሮ ሐኪሙ ሬይመንድን ከወንድምህ ጋር መኖር ትፈልጋለህ ይለዋል። አዎ። ወደ ማቆያው መመለስስ ትፈልጋለህ? አዎ። ደግሞ ይጠይቀዋል፣ ደግሞ አዎ። ሁለቱ አዎዎች ሬይመንድ መምረጥ እንደማይችል ማስረጃ ይሆናሉ። እኔ የሠራሁት ፎርም ለሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች «አዎ» ካስመዘገበ መጀመሪያ የምመረምረው ፎርሙን ነው። ሐኪሙ ግን የያዘው ፎርም ምንም ስህተት የለበትም ብሎ ያምናል። ፊልሙ ይህ ግፍ እንደሆነ ይገባዋል፤ ጥያቄውን የሚያስቆመው ራሱ ቻርሊ ነው። ይገባዋል፣ ግን ሬይመንድን ባቡር አሳፍሮ ወደ ማቆያው ይመልሰዋል፤ እኛም እያለቀስን እንሸኘዋለን። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ለወንድሙ ልብ መለወጥ ሁለት ሰዓት ፊልም ወጣ። ሬይመንድን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ አልተገኘም።

እንዲህ ያለው ነገር በፊልም ብቻ የሚቀር አይደለም። ኦሊቨር ማክጋዋን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ኦቲዝም ነበረው። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች እንደማይስማሙት እሱም ወላጆቹም ለሐኪሞች ተናግረው ነበር። መድኃኒቱ ተሰጠው፤ ኅዳር 2016 ብሪስቶል ውስጥ ሞተ። እንግሊዝ በ2022 ባወጣችው ሕግ የጤና ሠራተኞች ስለ ኦቲዝም መሠልጠን ግዴታቸው ሆነ፤ ለዚህ የተዘጋጀው ሥልጠናም በእሱ ስም ይጠራል። ልጁ በአፉ የሚናገር፣ ቤተሰቡም አጠገቡ የቆመ ነበር። እንግዲህ የማይናገረውን አስቡት።

አሁን ወደ ሌላው ፊልም ልምጣ። «ቴምፕል ግራንዲን» በ2010 ኤችቢኦ ያሳየው፣ ሚክ ጃክሰን ያዘጋጀው፣ ክሌር ዴንስ የተወነችበት ሥራ ነው። ቴምፕል እውነተኛ ሰው ናት፤ በ1947 ቦስተን ተወለደች፣ የከብት ማጎሪያዎችና መተላለፊያዎች ዲዛይን አውጪና የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነች። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሐኪም ለእናቷ ልጅሽ ማቆያ ትግባ ይላታል፣ የልጅቷን ሁኔታም ከእናት ፍቅር ማጣት ጋር ያያይዘዋል። ያ ንድፈ ሐሳብ ከተጣለ ቆይቷል። እኛ ሰፈር ግን ዘመዱ በሕይወት አለ፦ «እናትየው ምን በድላ ይሆን?»

ደጋግሜ የማየው ትዕይንት የከብቶቹን ነው። ከብቶች በጠባብ መተላለፊያ ይነዳሉ፤ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንሄድም ይላሉ። ነጂዎቹ ይጮሃሉ፣ ይወጋሉ። ቴምፕል ራሷ መተላለፊያው ውስጥ ትገባለች፤ ዝቅ ብላ፣ ዓይኗን በከብቶቹ ዓይን ልክ አድርጋ። ከዚያ ይታያታል፦ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ ነፋስ የሚያርገበግበው ነገር። ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች ከከብት ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም። እኔ የማየው ገብታ ያየችውን ሰው ነው። እሷ ራሷ አውቶማቲክ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የምትደነግጥ ሰው ስለሆነች፣ ለሌላው ምንም ያልሆነ ነገር ለአንዱ ግድግዳ እንደሚሆን ታውቃለች። አያቴ ቢያዩት ደግሞ «ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል እንዴ?» ይሉ ነበር። ከብት የነዳ ሰው ሁሉ በሬ ጥላ እንደሚፈራ ያውቃል።

ከዚያ የመድኃኒት ገንዳው ይመጣል። ከብቶቹ ከተባይ እንዲጸዱ በገንዳ ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ቴምፕል ረግተው፣ በራሳቸው እግር የሚገቡበት የማያንሸራትት መውረጃ ትሠራለች። ሠራተኞቹ ከብት በገዛ ፈቃዱ ውሃ ይገባል ብለው አያምኑም፤ መውረጃው ላይ የሚያንሸራትት ብረት ያነጥፉበታል። ከብቶች ሰጥመው ይሞታሉ። የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ፊልሙ ግን ቶሎ ብሎ ወደ ጀግናዋ ብስጭት ያልፋል። ዲዛይኑ ይሠራ ነበር። የገደላቸው አለማመን ነው። «ያዙት» የምትለዋ ትእዛዝ ያቺው ብረት ናት።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ፊልሙ አንድ ጥሩ መምህር ይሰጠናል፣ የሳይንስ መምህሯን ካርሎክን። ሊያስተካክላት አይሞክርም፤ እንቆቅልሽ ይሰጣታል። እንቆቅልሹ ኤምስ ሩም የሚባለው ነው፦ ግድግዳውና ወለሉ ተጣሞ የተሠራ ክፍል፤ በአንድ ቀዳዳ ሲታይ ቀጥ ያለ ስለሚመስል አንድ ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ድንክ ሆነው ይታያሉ። ቴምፕል ምስጢሩን ለማግኘት ክፍሉን በትንሹ ሠርታ ታየዋለች። ይህን ትዕይንት ለመምህር ጓደኞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ። (ሁለቱ አይተውታል።)

ቅሬታዬን ልናገርና ልጨርስ። ሁለቱም ፊልሞች የመግቢያ ትኬት ይጠይቃሉ። ሬይመንድ ካርታ ይቆጥራል፣ ቴምፕል ዲዛይን ትሠራለች። የሚወደዱት የሆነ ነገር ስለሚያስደንቁ ነው። ምንም የማያስደንቀው ልጅስ? የእህቴ ልጅ በቃሉ አያባዛም። የሚወደው የውሃ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነው። ዘሚ የኑስ ልጇን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏት በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት በሩ ላይ ችሎታ የሚፈትን አላቆመችም። የእሷን ታሪክ የሚሠራ ፊልም ቢመጣ በሙሉ ዋጋ ገብቼ አየዋለሁ፤ ጀግና ብቻ አድርጎ እንዳይሠራት እየፈራሁ።

እህቴ ሌላ ክሊኒክ አገኘች። ወጣቷ ሐኪም አስቀድማ በስልክ ምን እንደሚረብሸው ጠየቀች፤ የወንበሩን፣ የመብራቱንና የራሷን ፎቶ በቴሌግራም ላከች፤ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ የእሱ እንዲሆን አደረገች። እስከዚያ መኪና ውስጥ ቆይተን በስልክ ተጠራን። በመጀመሪያው ቀን ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ሃያ ደቂቃ ሲጫን ዝም ብላ አየችው፤ ሌላ ምንም አልተሠራም። በሁለተኛው ቀን አፉን ከፈተላት። ጥርሱ የወጣው በሦስተኛው ነው።