ደብረ ዳሞ፦ አምባውና ግድግዳው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ የታቦርንና የአላሙራን ኮረብቶች የሚያይ ሰው እሳት የሠራውን ምድር እያየ ነው፤ ሐይቁ ራሱ የተኛው ጥንት በእሳተ ገሞራ በተደረመሰ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከአዲግራት በስተምዕራብ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም አምባ ግን የውሃ ሥራ ነው። የአሸዋው ድንጋይ ንብርብር ሆኖ ተከመረ፤ ምድሩ ከፍ ሲል ጎርፍና ወንዝ ዙሪያውን በልተው፣ ጠንካራው ክፍል ገደል ለብሶ ብቻውን ቀረ። አናቱ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መውጫው 15 ሜትር ያህል ገደል ነው፤ የሚወጣውም በጠፍር ገመድ ነው።

ዝናቡ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጥልና ይሄዳል። ስለዚህ መነኮሳቱ ዐለቱን ፈልፍለው የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያቆዩ ጉድጓዶች አበጁ። እነዚህ ጉድጓዶች ከቤተ ክርስቲያኑ ያነሰ ጥበብ አይመስሉኝም፤ አምባው ላይ ሰው የኖረው በእነሱ ነውና።

ገዳሙን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጥቂት ረድፍ ድንጋይ ይደረደራል፤ በላዩ ረጅም አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፤ ደግሞ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት። ድንጋይ ሸክም ይችላል እንጂ ሲሳብ ይለያያል፤ እንጨቱ ያንን ይይዝለታል። አግዳሚዎቹም እንዳይላቀቁ በግድግዳው ውፍረት የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ያስሯቸዋል። የእነዚህ ጫፍ ነው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ «የዝንጀሮ ራስ» የተባለው። አናጺው ማሰሪያውን አልደበቀም፤ በእኩል ርቀት ደርድሮ ጌጥ አደረገው። እኔ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ጌጥ አላውቅም፤ አንዱን ቢነቅሉት ግድግዳው ይጎዳል።

የመግቢያው ክፍል ጣሪያ ደግሞ በአራት ማዕዘን የእንጨት ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። በገበታዎቹ ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ቀጭኔ፣ ግመል፣ አጋዘንና እባብ ተቀርጸዋል። ደረቅ ገደል አናት ላይ ያለ ጠራቢ የቆላውንም የበረሃውንም አውሬ አንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። ሕንፃው አርጅቶ ሊፈርስ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴሪክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ጠገነው።

ሴቶች ወደ አምባው አይወጡም። የዚህን ግንባታ መልክ ግን አክሱም ላይ ማንም ሊያየው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው ባለ 24 ሜትር ሐውልት አግዳሚውን፣ መስኮቱንና የዝንጀሮ ራሱን ሁሉ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ቀርጾ ያሳያል። ሐዋሳ ውስጥ ሥነ ሕንፃ የምትማሩ ወጣቶች፣ አክሱም ስትደርሱ አናቱን ብቻ አንጋጣችሁ አትመለሱ፤ ጠጋ ብላችሁ በድንጋይ የተቀረጹትን የእንጨት ጫፎች ተመልከቱ።