ሳይበቅል የቀረ ጥርስ

የሰው ልጅ በሕፃንነቱ 20፣ ለአካለ መጠን ሲደርስም 32 ጥርስ እንዲኖረው ሕገ ተፈጥሮ ቢወስንለትም፣ ይህ ቍጥር ሳይሟላላቸው የሚቀሩ ሰዎች ጥቂቶች አለመሆናቸውን እንደ እኔ የጥርስ ሕክምናን መተዳደሪያው ያደረገ ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉ በኋላ የሚበቅሉትን አራቱን የዳር መንጋጋዎች ብንተዋቸው እንኳ፣ ከላይ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ የሚቆሙት ትንንሾቹ፣ ከታችም ከመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ፊት ያለው ጥርስ ከነጭራሹ ሳይፈጠሩ መቅረታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የጎደሉት ስድስትና ከዚያም በላይ ሲሆኑ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ ያን ጊዜ ሐኪም አፍን ብቻ ሳይሆን ጠጕርን፣ ቆዳንና ላብን ጭምር ሊመረምር ይገባዋል፤ እነዚህ ሁሉ በማኅፀን ሳሉ ጥርስ ከሚወጣበት ከዚያው የፅንስ ሽፋን የሚገኙ ናቸውና።

እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ በሲንድ አገር ስለሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ሲያትት፣ በአራት ትውልድ ውስጥ አሥር ወንዶች ላይና ታቹ ተደምሮ 12 ጥርስ ብቻ እንደ ነበራቸው፣ ራሳቸው ቶሎ ይመለጥ፣ በሙቀትም ወራት ቆዳቸው እየደረቀ ይሠቃዩ እንደ ነበረ፣ ሴቶች ልጆች ግን ራሳቸው ሳይታመሙ ለወንዶች ልጆቻቸው ያወርሱት እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬ የዘር ጥናት ምክንያቱን ገልጦታል፤ ይሁን እንጂ በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚወርድ ለአንዲት እናት ስገልጽላት ቃሌን መርጬ ነው፤ በልጇ ደዌ የተወቀሰች እንዳይመስላት።

በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኵሰው፣ ገና ያልበቀለው ክራንቻ በድዱ ላይ ያሳየውን እብጠት «ግግ ነው» ብሎ በስለት ጎርጕሮ የማውጣት ልማድ በብዙ ሥፍራ ስላለ፣ ያ ስለት የወተቱን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የቋሚውን ጥርስ ፅንስ ጭምር ያጠፋው እንደ ሆነ፣ ልጁ ካደገ በኋላ የሚታየው ክፍተት ከተፈጥሮ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ክራንቻው ብቻ የጎደለ ልጅ ሲመጣልኝ፣ አያቲቱ አብረው ካሉ ጥያቄዬን የማቀርበው ለእርሳቸው ነው፤ «እማማ፣ ግግ ወጥቶለት ነበር ወይ?» ስላቸው፣ እናት የማታውቀውን ወይም የረሳችውን ነገር ብዙ ጊዜ እርሳቸው ያስታውሱታል።

ከሥራዬ ሁሉ እጅግ የምወደው፣ እጅግም የሚያደክመኝ፣ ጥርስ አልባ ለሆነ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን የሚወለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማበጀት ነው። ጥርስ ባልበቀለበት ሥፍራ የመንጋጋ ዐጥንት ከፍታና ውፍረት ስለማያገኝ ድዱ እንደ ቢላዋ ጠርዝ ቀጥኖ ይገኛል፤ በዚያ ላይ የሚቀመጠውም ጥርስ የሚጸናው በልኩ ጥራት ብቻ ነው። የልክ መውሰጃው ሊጥ ወደ አፉ ከመግባቱ በፊት ሕፃኑ በጣቱ ይነካዋል፣ ያሸተዋል፣ ሊጡ የሚሞላበትን ባዶ ማንኪያም ወደ ቤቱ ወስዶ ሲጫወትበት ይሰነብታል፤ በቀጠሮው ቀን ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ራሱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ሊጡ እስኪረጋ እኔ ስቈጥር እርሱ በጣቶቹ ይከተለኛል። በጄሶው ቅርጽ ላይ በሰም የሚደረደሩት ጥርሶችም ትንንሽና እንደ ዕድሜው የነጡ ሊሆኑ ይገባል፤ የጐልማሳ ጥርስ በሕፃን አፍ ውስጥ ያስፈራልና። ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ማኘክ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ከንፈሩ ድጋፍ አግኝቶ ፊቱ የልጅ ፊት መምሰሉን ነው። መንጋጋው ባደገ ቍጥር ሥራው እንደ ገና ስለሚሠራ፣ እኔና ልጁ ለብዙ ዘመን እንተዋወቃለን።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ለጎደለው ሰው ብልኀቱ ሌላ ነው። ተተኪ የሌለው የወተት መንጋጋ ሥሩ ደኅና ከሆነ ባለቤቱን እስከ ጕልምስናና ከዚያም አልፎ ሊያገለግለው ስለሚችል፣ «የሕፃን ጥርስ ነው» ተብሎ መነቀሉ ድንቍርና ነው። የፊት ክፍተት በሽቦ ተስቦ ሊዘጋ፣ ወይም በጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ ላይ በሚጣበቅ ድልድይ ሊሞላ ይችላል። ሆኖም ፍንጭት የውበት ምልክት በሆነበት አገር፣ ባለፍንጭቷን ወጣት «ልዝጋልሽ» ከማለት በፊት ፈቃዷን መጠየቅ ይገባል፤ ይህን የተማርንባቸው የውጭ መጻሕፍት አላስተማሩንም። ደስ ብሏት የምትኖርበትን ፍንጭት ዘግቼ ገንዘብ ከምቀበል ሳልነካት ብሸኛት እመርጣለሁ።

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ኢምፕላንት ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የቲታኒየም ብሎን በሰው መንጋጋ ላይ ሲተክል፣ የመጀመሪያው ታካሚው ዮስታ ላርሶን ከውልደቱ መንጋጋው የተጎዳና ጥርሶቹ የጎደሉ ሰው ነበር፤ ብሎኖቹም ከ40 ዓመት በላይ አገልግለውታል። ዳሩ ግን ከዐጥንት ጋራ የተዋሐደ ብረት እንደ ሕያው ጥርስ ከሚያድግ መንጋጋ ጋራ አይጓዝም፤ በ12 ዓመት ልጅ አፍ ቢተከል ጎረቤቶቹ ከዐጥንቱ ጋራ ሲጓዙ እርሱ በቦታው ይቀርና አጥሮ ይታያል። ከውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ ተልኮለት «ዶክተር፣ አሁኑኑ ይተከልለት» የሚለኝን አባት፣ የልጁ ዕድገት እስኪያበቃ ታገሥ ብዬ ስመልሰው የሚከፋብኝ ጊዜ አለ። ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆነው የታችኛው መንጋጋው ፈጽሞ ጥርስ አልባ የሆነ ልጅ ብቻ ነው፤ የአገጩ ዐጥንት ገና በመጀመሪያው ዓመት ስለሚጋጠም፣ በዚያ ሥፍራ ቀደም ብሎ መትከል ይቻላል።

በጃፓን በኪዮቶ የጥርስን ዕድገት የሚገታውን ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2024 በሰዎች ላይ መሞከር ጀምሯል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሙከራ የታለመው ጉዳት የሌለው መሆኑን ለመመርመር ስለ ነበረ፣ ይህን ተስፋ አድርጎ የዛሬውን ልጅ ያለ ጥርስ ማስቀመጥ አይገባም።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ በአንድ ወገን ያለው የፊት ጥርስ በቅሎ አምሳያው በሌላው ወገን እስከ ስድስት ወር ካልተከተለው፣ ልጁን ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱትና ራጅ ይነሣ። ላብ የማያልበው፣ በሙቀት ጊዜም የሚያተኵሰው ሕፃን ካላችሁ ግን ጥርሱ እስኪበቅል አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ አሳዩት።