የተገለጠ ካርታ፣ የተደበቀ ካርታ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኒው ኦርሊየንስና በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ላይ ፖከር ሲጀመር ካርታው 20 ብቻ ነበር። ለአራት ሰዎች አምስት አምስት ይታደላል፤ የሚተርፍም፣ የሚለወጥም፣ የሚገለጥም ካርታ የለም። መደቡን መጨመር ወይም ካርታ ጥሎ መውጣት ነው፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ፖከር ተፈጥሯል። አንዱን ከሌላው በዋናነት የሚለየው ተጫዋቹ ስለ ሌላው ሰው እጅ ምን ያህል ማየት እንደሚችል ነው። በሙያው የኖረ ሰውም አዲስ ዓይነት ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው።

በፋይቭ ካርድ ድሮው ምንም አይታይም። አምስት ካርታ ይታደላል፤ መደብ ከተያዘ በኋላ እያንዳንዱ የማይፈልገውን ጥሎ ምትክ ይወስዳል። ፍንጩ ያለው በተለወጠው ቁጥር ላይ ነው። ሦስት የለወጠ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ይዟል። አንድ የለወጠ ወይ ሁለት ጥንድ አለው፣ ወይ አንድ ካርታ ጎድሎት እየጠበቀ ነው። ምንም ያልለወጠው ደግሞ እጁ ሞልቷል፤ አለዚያም ባዶውን ሆኖ እያስፈራራ ነው።

የማስታወስ ችሎታ የሚፈተነው ግን በሰቨን ካርድ ስተድ ነው። ሁለት ካርታ ተደፍቶ፣ አንድ ተገልጦ ይሰጣል፤ ሦስቱ አንድ በአንድ ተገልጠው ይከተላሉ፤ ሰባተኛው እንደገና ይደፋል። በየዙሩ መደብ ይያዛል። አንድ ተጫዋች ስድስት ካርታ ይዞ አራቱ ልብ ናቸው እንበል፤ አምስተኛ ልብ ከመጣለት ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ይሠራል። የራሱን እጅ ብቻ የሚያይ ሰው ካላያቸው 46 ካርታዎች ዘጠኙ ልብ ስለሆኑ ዕድሉን ከአምስት አንድ ያህል አድርጎ ይገምታል። ጠረጴዛውን ሲከታተል የቆየው ግን ከሌሎች ፊት የተገለጡ ስምንት ካርታዎችን ቆጥሯል፤ አምስቱ ልብ ነበሩ። ስለዚህ ለእሱ የቀሩት ከ38 አራት ናቸው፤ ዕድሉ ከአሥር አንድ ያህል ወደሚሆን ወርዷል። ያው እጅ፣ ያው መደብ፣ ውሳኔው ግን ሌላ! ካርታቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች የተገለጠው ካርታቸው ወዲያው ስለሚነሳ፣ በጊዜው ያልያዘው ሰው ተመልሶ አያገኘውም።

ቴክሳስ ሆልደም ይህን ሸክም አቃልሎታል። የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የትውልድ ቦታው ሮብስታውን ከተማ መሆኗን በውሳኔ አጽድቀዋል። ለእያንዳንዱ ሁለት የተደፋ ካርታ ይደርሰዋል፤ መካከል ላይ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ ለሁሉም ይገለጣል። የሚታየው ካርታ ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ ማን ምን እንደያዘ የሚነበበው ከመደብ አያያዙ ነው። ዶይል ብሩንሰን የተባለ ተጫዋች በ1976 እና በ1977 የዓለም ፖከር ውድድርን በተከታታይ ሲያሸንፍ ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻው ዙር በእጁ የነበሩት 10 እና 2 ናቸው፤ ደካማ እጅ ነው፣ ግን ሁለቱንም ጊዜ ከመካከሉ ካርታ ጋር ፉል ሃውስ (ሦስት እኩል ካርታና አንድ ጥንድ) ሠራለት። በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴኔሲ ሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ በዚሁ ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ ሆልደም በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ።

ኦማሃ ሆልደምን ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ገንዘቡን የሚያጣው በዚሁ መመሳሰል ነው። በእጅ አራት ካርታ ይሰጣል፤ ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ፣ ከመካከሉም የግድ ሦስት መጠቀም ያስፈልጋል። አራቱም አስ የደረሰው ሰው ደስ ሊለው አይገባም፦ ሁለት አስ ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ የቀሩትን ሁለት አስም ራሱ ስለያዛቸው ከመካከል ሦስተኛ አስ አይመጣለትም። መካከል ላይ አራት ልብ ተዘርግቶ በእጁ አንድ ልብ ብቻ ያለውም ፍላሽ የለውም።

ራዝ ደግሞ የእጆችን ደረጃ ገልብጦ ዝቅተኛው እጅ እንዲያሸንፍ ያደርጋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው አስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው።

አንዱን ዓይነት ብቻ የሚያውቅ ሰው ገና ግማሽ ተጫዋች ነው። በ2006 በላስ ቬጋስ ሆልደም፣ ኦማሃ፣ ራዝና ሁለት የስተድ ዓይነቶች እየተፈራረቁ የሚካሄዱበት፣ መግቢያው 50,000 ዶላር የሆነ ውድድር ሲጀመር የታሰበውም ይኸው ነበር። የመጨረሻው ጠረጴዛ ግን ለቴሌቪዥን ሲባል ወደ ሆልደም ተቀየረ፤ ውድድሩ የተፈጠረበትን ምክንያት ያፈረሰ ስሕተት ነበር። ያም ሆኖ ያሸነፈው የስተድ ሊቅ ቺፕ ሪስ ነው። በ2025 ማይክል ሚዝራኪ የዚህን ውድድር ተተኪ ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ በዚያው ክረምት ዋናውን የሆልደም ሻምፒዮናም ወሰደ።