በቀትር ከዋክብት የወጡበት ስቅለት

እንዲህ ያለ ሥዕል በዓለም ላይ ኖሮ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም! ሄንድሪክ ተር ብሩገን የተባለ በኔዘርላንድ የዩትሬክት ከተማ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1625 ገደማ የሣለው ስቅለት ነው። ኒውዮርክ የምትኖሩ ምን ትጠብቃላችሁ? ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሎላችኋል።

ሰማዩን እዩልኝ። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በጨለማው ላይ ከዋክብት ተበትነዋል፣ ያውም በቀትር! ጌታ ሲሰቀል ፀሐይ መጨለሙን፣ ከዋክብት መርገፋቸውን እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል። አድማሱ እጅግ ዝቅ ስላለ መስቀሉ ምድሩን ለቆ ሰማዩን ሞልቶታል። የጌታችን ገላ ደም ርቆት ወደ አረንጓዴ አድልቷል፤ ከግርጌ ደግሞ እኛም ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የራስ ቅልና አጥንት አለ። እመቤታችንና ዮሐንስ ግራና ቀኝ ሆነው፣ እጃቸውን ቆላልፈው ሽቅብ ያያሉ። ሠዓሊው አላሳመራቸውም። የዮሐንስ ፊት ገበያ ላይ የምታገኙት የተራ ሰው ፊት ነው፤ እኔን የገደለኝም እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የተሣለው የት መሰላችሁ? ፕሮቴስታንቶች በሚገዙት አገር! ያኔ በዩትሬክት የካቶሊክ ቅዳሴ በአደባባይ ከተከለከለ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ምእመናኑ ግን አልጠፉም፤ ከውጭ መኖሪያ ቤት በሚመስሉ ስውር ቤተ ክርስቲያኖች ይጸልዩ ነበር። ሥዕሉም ከነዚህ ለአንዱ ሳይሠራ እንዳልቀረ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ደግሞ ተር ብሩገን ኢጣሊያ ኖሮ የሠዓሊውን የካራቫጆን አዲስ ብርሃን ይዞ የተመለሰ ሰው ነው፤ ዘመናዊ አድርጎ መሣል አያቅተውም። እሱ ግን ሆነ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ነበረው፣ እንደ ጀርመናዊው ግሩነቫልድ ያሉ ሠዓሊዎች አሣሣል። እንደ እኔ ትክክል ነው! ሥዕሎቹ ተሰባብረው መቅደሱ ለተወሰደበት ሕዝብ፣ አያቶቹ የተንበረከኩለትን ዓይነት ስቅለት መልሶ ሰጠው።

ይባስ ብሎ ሥዕሉ ሊጠፋ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ በተመታ የለንደን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንነቱ ሳይታወቅ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለጨረታ ቀረበና ሙዚየሙ ገዛው። ኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ ኦበርሊን ኮሌጅ ሙዚየም ሂዱ፤ ቅድስት ኢሬን የቅዱስ ሰባስትያንን ፍላጻ ስትነቅል ተር ብሩገን እ.ኤ.አ. በ1625 የሣለው ሥዕል እዚያ ነው። እሱንም እዩና ንገሩኝ!