ከመጽሐፉ ያልተነሡ ዓይኖች

የፍቅር እስከ መቃብር ልብ ወለድ ፍቅረኞችን፣ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን፣ መሣል ስጀምር የያዝኩት መጨረሻቸውን ነበር፤ መነኩሴ መስላ ፍለጋ የወጣችው ሰብለ፣ በዛብህ ሊሞት ሲያጣጥር የደረሰችበትን ሰዓት። ዲላ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ሦስት ሸራ ጨረስኩበት። ሦስቱም ላይ የወጣችው አልቃሽ ናት። ሐዘን የሰውን ፊት ሁሉ ያመሳስለዋል፤ እንባውን ስጨምር ሰብለ ራሷ ጠፋችብኝ።

የአውሮፓ ሠዓሊዎችም በሮማንቲክ ዘመን ከዳንቴ የወሰዷቸውን ፍቅረኞች፣ ፓኦሎንና ፍራንቼስካን፣ ደጋግመው ሥለዋል። አሪ ሼፈር በ1835 እ.ኤ.አ. የሣላቸው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ተቃቅፈው በሲኦል ነፋስ ይንሳፈፋሉ። አንግር ግን በ1819 ገና በሕይወት ሳሉ ያዛቸው። አብረው ያነቡት የነበረው መጽሐፍ ከፍራንቼስካ እጅ እየወደቀ ነው፤ ባሏ ከኋላ ሰይፍ ይዞ ይመጣል። የሼፈር ውበት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። መንገዱን ያሳየኝ ግን ያ የሚወድቅ መጽሐፍ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብርም ፍቅሩ የሚጸነሰው በትምህርት ላይ ነውና! ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የድሃ ልጅ በዛብህ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለን ሊያስተምር ይገባል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ እኔ ደግሜ ባልነግረው ምን ይጎድልበታል?

ቱቱ ፈላ ስሄድም ይኸው ይታሰበኛል። እዚያ የቆሙት የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊት ተቀርጿል። ሟቹ እንዴት እንደሞተ ግን አንዱም አይናገርም። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

አራተኛውን ሸራ በጓሮዬ ብርሃን ጀመርኩት። እዚህ ቡናው ከእንሰቱና ከዛፉ ጥላ ሥር ነው፤ ቅጠሉ ያጣራው ብርሃን ፊት ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ይሆናል። የጠይም ፊት ጥላ በጥቁር ቀለም ከጨለመ አመድ ይመስላል፤ ስለዚህ ቡኒው ላይ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቀይ እጨምራለሁ። ታሪኩ የጎጃም ስለሆነ እንሰቱን አልሣልኩትም፤ ብርሃኑን ብቻ ወሰድኩ።

ሁለቱም አጎንብሰው ያነባሉ። አይተያዩም። ያስቸገረኝ ገጹ ላይ በጣቷና በጣቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ትናንት ማታ አጠበብኩት፤ ዛሬ ጠዋት መልሼ አሰፋሁት።