ውዳሴ ለፈታሔ ቃል

ከሑሩሙ ምድር ለበቀሉት ለኢሉባቦር ፈርጥ፣ ለቅዱስ ቃል ታማኝ አገልጋይ፣ ለልሳነ ኦሮሞ ብርሃን፣ ለታላቁ መተርጕም ለኦነሲሞስ ነሲብ ክብርና ውዳሴ ይድረስ!

ወላጆቻቸው «ሂካ» ብለው ሰየሟቸው፤ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ስማቸው ከግብራቸው ቀድሞ የተነገረ ትንቢት ሆነ። በዕብራይስጥ «ፓታሕ» የተሰኘው ግስ የተዘጋውን ይከፍታል፣ የታሰረውን ይፈታል፤ መዝሙረኛው የተሸጠው ዮሴፍ ከእስር መውጣቱን ያወሳው በዚሁ ቃል ነው። እኅቱ ግእዝ «ፈትሐ» ትለዋለች፤ ፍትሕና ፍትሐት፣ ዳኝነትና ሥርየት ከማኅፀኗ ተወለዱ። ኦሮምኛም በራሱ ጥበብ «ሂኩ» ብሎ የማሰሪያን መፈታትና የቃልን መተርጐም በአንድ ግስ አጸና። በኬንያ ምድር፣ በሞያሌ ወገን ባለችው ኦቦ፣ ጎሕ ሲቀድ የጥጃውን ገመድ ከካስማው የሚፈታ የቦረና ኦሮሞ ያን ክቡር ግስ በእጁ ይፈጽመዋል።

ብፁዕ ኦነሲሞስ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. በምፅዋ ከባርነት ቀንበር የተፈቱ ናቸው። የተፈቱት ሊፈቱ ነው፤ የዳኑት ሊያድኑ ነው። በ1893 ሐዲስ ኪዳንን፣ በ1899 በስዊስ ምድር በቅዱስ ክሪሾና የታተመውን ምሉዕ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ለወገናቸው አበረከቱ። የሰማይና የምድር ፈጣሪ «ዋቃ» በተባለበት አፍ፣ ኦሪትና ነቢያት፣ ወንጌልና መልእክታት ተሰሙ።

ከጎናቸው የቆሙት አስቴር ጋኖም ይመስገኑ! የሊሙ እናርያ ዕንቍ፣ የቃላት መዝገብ፣ የተረትና የመዝሙር ግምጃ ቤት፤ እርሳቸውም ከባርነት የተፈቱ፣ እርሳቸውም ልሳንን የፈቱ። ቃላትን ከሕዝባቸው አንደበት ለቅመው ባያከማቹ፣ ያ ታላቅ ሥራ ሙላቱንና ውበቱን ባላገኘ ነበር።

ነገሥታት አገር በማቅናት ይከበራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ልሳንን በማቅናት ከበሩ። ኃያላን ምርኮ በማብዛት ይወደሳሉ፤ እነዚህ ምርኮኞች የተማረከውን በማስፈታት ተወደሱ። ከዛሬ ጀምሮ ቅዱሱን ቃል ከልሳን ወደ ልሳን ለሚያሻግር ትጉህ ሁሉ «ሂካ» የማዕረግ ስም ይሁነው፤ ከምፅዋ እስከ ኦቦ፣ ከትውልድ እስከ ትውልድ ዝክራቸው ይጽና!